ዓሣ ነባሪ ለማየት ስትሄጂ ጀልባውን ቀድመሽ እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከእናትሽ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ነባሪ ለማየት ልትሄዱ ነው። የትና መቼ ይሻላል? ትልቅ ጀልባ ነው ትንሽ? እናትሽን መኪና ላይ እንኳ ያጥወለውላቸዋል፤ ባሕሩን ይችሉታል ወይ? በእርግጥስ እናያለን? አብሮ መዋኘትስ ይቻላል? ነው ያልሽው።

በጣም የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ። ለዓመታት በተለያየ ባሕር ላይ ወጥቻለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቦታውን ነው። እኔ ግን ከቦታውም ከዋጋውም በላይ ጉዞውን የሚወስነው ጀልባውን የሚነዳው ሰው ነው ባይ ነኝ። ሞተሩን ቀንሶ መጠበቅ የሚያውቅ ካፒቴን ካጋጠማችሁ፣ ብዙ ባልታየበት ቀን እንኳ ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ። የሚያባርር ካፒቴን ከያዛችሁ ግን ባሕሩ በዓሣ ነባሪ ቢሞላም የምታዩት የሚሸሽ ጀርባ ነው።

"በእርግጥ እናያለን ወይ?" ላልሽው፣ ማንም ዋስትና ሊሰጥሽ አይችልም። የዱር እንስሳ ነው፤ ባሕሩም ሰፊ ነው። "ካላያችሁ ሌላ ቀን በነፃ እንወስዳችኋለን" የሚሉ ድርጅቶች ግን ብዙ ናቸው። ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። ቢቻል አንድ ቀን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ሦስት ቀን ካላችሁ፣ ንፋስ አንዱን ቢያበላሸው ሌላው ይተርፋችኋል። ከሁሉ በላይ ዕድላችሁን የሚጨምረው ግን ወቅቱን ማወቅ ነው።

አብዛኞቹ ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ዓመቱን ለሁለት ይከፍሉታል። ሞቃቱን ወቅት ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ሄደው ይበላሉ። ብርዱ ሲገባ ወደ ሞቃቱ ባሕር ወርደው ይጣመራሉ፣ ይወልዳሉ። ሃምፕባክ የሚባለው ዝርያ ከ12 እስከ 16 ሜትር ይረዝማል። ከሚመገብበት እስከሚወልድበት ድረስ፣ መሄጃውን ብቻ፣ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ አለ። ስለዚህ "የት እንሂድ?" ከማለትሽ በፊት "ሲያደርጉ ማየት የምንፈልገው ምንድን ነው?" ብለሽ ብትጀምሪ ይሻላል።

ሲበሉ ማየት ከፈለጋችሁ በሰሜን አይስላንድ ሁሳቪክ፣ ከአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ፊት ለፊት ያለው ስቴልዋገን ባንክ፣ ወይም ደቡብ ምሥራቅ አላስካ አለ። ጊዜው ሞቃቱ ወራት ነው። አላስካ ላይ ሃምፕባኮች ተባብረው ሲያድኑ ይታያሉ። ከታች ሆነው አረፋ እየለቀቁ የዓሣውን መንጋ ዙሪያውን ይከቡታል። ከዚያ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው አንድ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ። ወፎቹ ቀድመው ያውቃሉ፤ አረፋው ገና ሳይታይሽ ከላይ ሆነው ይጮኻሉ።

እናትና ልጅ፣ የሚዘሉና የሚፎካከሩ ወንዶችን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሐዋይ አለ፤ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል። ከምድር ወገብ በታች የፓሲፊክ ደሴቶች አገር ቶንጋ አለች፤ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር። የአውስትራሊያው ኸርቪ ቤይ ላይ እናቶች ወደ ደቡብ ሲመለሱ ከግልገሎቻቸው ጋር ጎራ ብለው ያርፋሉ። ጀልባው ውኃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን ካለው ወንዶቹ ሲዘፍኑም ትሰማላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ሞቃት ባሕር ላይ ያለችው እናት ከሞላ ጎደል ምንም አትበላም። ግልገሏን የምታጠባው ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ያው ስብ ነው ለመልሱ ጉዞ የሚያስፈልጋት። ጀልባ ሲያሳድዳት የምትጨርሰው ያንን ስንቅ ነው። ለዚህ ነው የካፒቴኑን ነገር ከሁሉ ያስቀደምኩት።

የገጠመኝን ልንገርሽ። ቦታውንም ድርጅቱንም አልጠራም። አንዲት እናት ከትንሽ ግልገሏ ጋር ነበረች። ጀልባዎች በሬዲዮ ተጠራርተው መጡ። የኛም ከመሃላቸው ነበር። እናትየዋ በእኛና በልጇ መካከል ገባች። አቅጣጫ ቀየረች። ጀልባዎቹም ቀየሩ። ጭራዋን ውኃው ላይ ደጋግማ መታች። ሰዉ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ሁለቱም ጠለቁ። ብቅ ሲሉ ራቅ ብለው ነበር፤ ጀልባዎቹ እንደገና ወደዚያው በረሩ። እኔ በዚያ ቀን በቅርብ ካየሁት ነገር አንዱም ደስ አላሰኘኝም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ካፒቴን ገጠመኝ። ሃምፕባኮቹን ገና ከሩቅ ሲያያቸው ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀርቦም ሞተሩን ከማርሽ አወጣ። "አሁን እንጠብቃለን" አለ። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ከቆይታ በኋላ አንዱ ራሱ ዞሮ መጣ። ከጀልባችን ሥር አለፈ። በጎኑ ተንጋለለና ባንድ ዓይኑ አየን። ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ፊታችን ላይ አረፈ። ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ነው፤ ማንም ግን ቅር አላለውም። ሲሄድ ካፒቴኑ አልተከተለውም።

ሁለቱ ጀልባዎች የነበሩት ተመሳሳይ እንስሳ ፊት ነው። ልዩነቱ ሰዎቹ ናቸው።

ሕጉን ማወቅም ይጠቅማል። አውስትራሊያ ውስጥ ጀልባ ከዓሣ ነባሪ 100 ሜትር መራቅ አለበት፤ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስ ግዴታው ነው። ሐዋይ ላይ ሃምፕባክን ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ በላይ መቅረብ አይቻልም። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዝርያ የቀረው ከ400 ያነሰ ስለሆነ ርቀቱ 500 ያርድ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሌሎቹ ራሳቸው ከመጡ ግን ጀልባው ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ጥሩ ካፒቴን ከፊት አይቆርጥባቸውም፤ ከኋላም አይከተላቸውም። ከጎን ሆኖ፣ እነሱ በሚሄዱበት አቅጣጫ፣ በእነሱ ፍጥነት ይሄዳል።

ቦታ ከመያዝሽ በፊት ለድርጅቱ ጻፊላቸው። ስንት ሜትር ትርቃላችሁ? አንድ እንስሳ ጋ ምን ያህል ትቆያላችሁ? ሌላ ጀልባ ቀድሞ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? ስለ እንስሳቱ የሚያስረዳ ባለሙያ አብሮ ይወጣል? ተራ እንጠብቃለን፣ ግልገል ካለ እንርቃለን ብለው በዝርዝር የሚመልሱ አሉ። "አይዞሽ፣ በጣም እናቀርብሻለን" ካሉሽ ተያቸው። የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽንም ስለዚህ ጉብኝት በኢንተርኔት ያወጣው መመሪያ አለ፤ የየአገሩን ደንብ እዚያ ታገኛለሽ። ይሄ ኮሚሽን ነው እ.ኤ.አ. በ1982 የንግድ አደን እንዲቆም የወሰነው። ውሳኔው ሥራ ላይ የዋለው ከ1986 ጀምሮ ነው።

ራሳቸው ወደ ጀልባ የሚመጡበት ዝነኛው ቦታ ሜክሲኮ ነው፤ ባሃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የሳን ኢግናሲዮ ሐይቅ። ሐይቅ ቢባልም የባሕር ክንድ ነው። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ እዚያ ይወልዳሉ። ዱሮ አዳኞች "የሰይጣን ዓሣ" ይሏቸው ነበር፤ ልጆቻቸው ሲወጉባቸው እናቶቹ ጀልባ ይሰብሩ ስለነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ፓቺኮ ማዮራል የሚባል የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ጀልባው አጠገብ አንዷ መጣች። አልሄድ አለችው። ፈራ ተባ እያለ እጁን ዘርግቶ ነካት። ዛሬ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ይመጣሉ፤ እየገፉም ወደ ሰው የሚያቀርቡ አሉ። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጀልባዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። አደን የጨረሳቸው መስለው የነበሩ እንስሳት በዚያው ባሕር ላይ ሰውን እንዲህ መቅረባቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ስፐርም ዌል የሚባለውን ጥልቅ ጠላቂ ማየት ከፈለጋችሁ የኒውዚላንዷ ካይኮራ ዓመቱን ሙሉ አለች። ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ጥልቅ የባሕር ሸለቆ ስላለ ወንዶቹ እዚያው ያድናሉ። ፖርቱጋል ያላት የአዞረስ ደሴቶችም እንዲሁ ናቸው። አዞረስ ላይ ገደል አናት ላይ የተቀመጡ ሰዎች በትልቅ የርቀት መነጽር ባሕሩን እያዩ ለጀልባዎቹ በሬዲዮ ይነግራሉ። ይሄ ዘዴ ከአደን ዘመን የቀረ ነው። አደኑ የቆመው በ1980ዎቹ ነው። ያው ማማ፣ ያው መነጽር አሁን ለጉብኝት ያገለግላል። ስፐርም ዌል ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወደ ላይ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ገደማ ይተነፍሳል። ከዚያ ጭራውን ከፍ አድርጎ ይጠልቃል። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ላታዪው ትችያለሽ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ፤ ባሕሩን ማንበብ። ይሄን ካወቃችሁ መጠበቁ ራሱ አይሰለችም።

መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሽ ነው። ከሩቅ ነጭ ጭስ ሆኖ ይታያል። ከሳንባቸው የሚወጣ ሞቃት አየርና እርጥበት ነው። ቅርጹ የማን እንደሆነ ይናገራል። የሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ቀጥ ብሎ እስከ 9 ሜትር ይወጣል። የሃምፕባክ አጠር ብሎ ሰፋ ያለ ነው። የራይት ዌል ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። የስፐርም ዌል ወደ ፊትና ወደ ግራ ያጋድላል፤ መተንፈሻው በጭንቅላቱ ግራ በኩል ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ይሄን ከለየሽ በኋላ ገና ጭራ ሳይታይ ስሙን ትጠሪዋለሽ።

ቀጥሎ ወፎችን እዪ። ባንድ ቦታ እየተወረወሩ ከጠለቁ ከታች ምግብ አለ፤ ምግብ ባለበት ዶልፊንም ዓሣ ነባሪም ሊኖር ይችላል። ውኃው ላይ ሞገድ የሌለበት ለስላሳ ክብ ካየሽ ደግሞ አሁን ገና አንዱ ከዚያ ሥር ጭራውን መትቶ አልፏል። ሃምፕባክ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ከተነፈሰ በኋላ ጀርባውን ከወትሮው ይበልጥ ያጎብጣል። ያኔ ጭራው ሊወጣ ነው፤ ተዘጋጂ። ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ላይታይ ይችላል። የጠለቀበትን ቦታ ብቻ አትይ፤ የሄደበትን አቅጣጫ ተከትለሽ ወደ ፊት እዪ።

አስጎብኚዎቹ ቦታ የሚጠቁሙት በሰዓት መልክ ነው። የጀልባው አፍንጫ 12፣ ቀኙ 3፣ ኋላው 6፣ ግራው 9 ነው። "ሁለት ላይ!" ሲሉ ከፊት ወደ ቀኝ ማለት ነው። ለእናትሽ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ ግርግር ሲሆን የት እንደሚያዩ ያውቃሉ።

ስለ እናትሽ እንነጋገር። መኪና ላይ የሚያጥወለውላቸው ከሆነ ትልቅ ጀልባ ይሻላቸዋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ካታማራን ከተገኘ እሰየው፤ መወዛወዙ ይቀንሳል። በአየር የሚነፋው ፈጣን ጎማ ጀልባ ለወጣት ደስ ይላል፤ እየዘለለ ስለሚሄድ ግን ለጀርባና ለወገብ ከባድ ነው። ለእሳቸው አልመክርም። ብዙ ቦታ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የጠዋቱን ጉዞ ያዙ።

ለማጥወልወል የሚዋጠው ክኒን የሚሠራው ከመነሳታችሁ በፊት ሲወሰድ ነው። ከጀመራቸው በኋላ ዘግይቷል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውም ከጉዞው ሰዓታት ቀደም ብሎ መለጠፍ አለበት። ግን በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ላይ ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል፤ አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ላለበትም አይሆንም። ስለዚህ ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ ምንም አትስጪያቸው። ማታ በደንብ ይተኙ። ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ፤ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይጠቅምም። ጀልባው ላይ መሃል አካባቢ፣ ዝቅ ያለው ወለል ላይ፣ ግን ክፍት አየር ባለበት ይቀመጡ። አፍንጫው ላይ መናወጡ ይበዛል። ከኋላ የሞተር ጭስ አለ። ዓይናቸው አድማሱ ላይ ይሁን። ስልክ ማየት ያባብሳል። ጓዳ ውስጥ ገብቶ መተኛት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ አድማሱ ስለማይታይ ግን ይብስባቸዋል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ከፈሩ ከመሬት ሆኖ ማየትም አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእናትሽ የምመርጠው ይሄንን ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኸርማነስ የምትባል ከተማ አለች። ከጁን እስከ ኖቬምበር የደቡብ ራይት ዌሎች ሊወልዱ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባሉ። ዳርቻው ገደል ስለሆነና ውኃው ወዲያው ስለሚጠልቅ በጣም ይቀርባሉ። ከገደሉ አፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እናትና ግልገል ጎን ለጎን ተኝተው ማየት ይቻላል። ማንም አያሳድዳቸውም፤ ሞተርም የለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከባሕር ተክል የተሠራ ቀንድ እየነፋ ዓሣ ነባሪዎቹ የት እንደታዩ የሚያስታውቅ ሰው ቀጥራ ታዋቂ ሆናለች። የአርጀንቲናው ባልዴስ ልሳነ ምድርም እንዲሁ ከዳርቻ የሚታዩበት ነው።

ልብስ ላይ አልረዝምም። መሬት ላይ ሞቃት ቢሆንም ባሕር ላይ ይበርዳል። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ቆብ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የፀሐይ መነጽር። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከያዛችሁ 7 ወይም 8 እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጀልባ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ፎቶ ላይ፣ ካሜራ ካለሽ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አድርጊ። የመጀመሪያውን ግን በዓይንሽ እዪው። ስልክ ውስጥ የቀረው ነገር ሁሌም ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነው። ፎቶ ማንሳቱ ዋጋ የሚኖረው ሃምፕባክ ጭራውን ሲያነሳ ነው። የጭራው የታችኛው ገጽ ላይ ያለው ነጭና ጥቁር ምልክት ለእያንዳንዱ የተለየ ነው። ሃፒዌል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፎቶሽን ብታስገቢ ያ እንስሳ ከዚህ በፊት የት እንደታየ ተፈልጎ ይነገርሻል። ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። እናትሽ ያዩት ዓሣ ነባሪ በሌላ ዓመት ሌላ ባሕር ላይ ሲገኝ መልእክት ይመጣላችኋል።

መዋኘቱን በተመለከተ፣ ቶንጋ ውስጥ ፈቃድ ባላቸው አስጎብኚዎች ይፈቀዳል፤ በአንድ ጊዜ አራት ሰውና አንድ አስጎብኚ ብቻ ነው ውኃ የሚገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርሽም። ክፍት ባሕር ላይ ዋናን በደንብ መቻል ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ውኃ ውስጥ የሚገባው እናትና ግልገል አጠገብ ነው። ከትልቅ እንስሳ ጋር መዋኘት ከፈለግሽ ዌል ሻርክ ይሻልሻል። ስሙ ቢያሳስትም ዓሣ ነው፤ የዓለማችን ትልቁ ዓሣ። ሰው አይነካም፤ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች አጥልሎ ይበላል። በጂቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ይታያሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ ኒንጋሉ ደግሞ ከማርች እስከ ጁላይ። ኒንጋሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው በላይ አይገባም፤ ከ3 ሜትር በላይ መቅረብም መንካትም ክልክል ነው። ያንን ደንብ የትም ብትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። ምግብ እየሰጡ የሚያቆዩበት ቦታ አትሂጂ፤ የፊሊፒንሷ ኦስሎብ ለዚህ ትታወቃለች። ምግብ የለመደ ዌል ሻርክ ጀልባ ሲያይ ከመሸሽ ይልቅ ይጠጋል፤ የጀልባው ሞተር የሚያሽከረክረው ስለታም ፕሮፔለር የሚቆርጠው ያኔ ነው።

ዶልፊኖችንም አስቢያቸው። ሐዋይ ላይ ስፒነር የሚባሉት ዶልፊኖች ሌሊት አድነው ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ያርፋሉ። ሰው በየቀኑ እየገባ እንቅልፍ ስለነሳቸው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በ50 ያርድ ውስጥ መቅረብም አብሮ መዋኘትም ተከልክሏል። ሌላ ቦታ ሕጉ ባይኖርም እንስሳው ያው ነው።

የምትሄዱበትን ወር ስትወስኑ እዚሁ ጻፊልኝ። በዚያ ወር የትኞቹ የት እንዳሉ እነግርሻለሁ። ድርጅት ከመረጥሽ ደግሞ የመለሱልሽን መልስ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።